በባዶ ወረቀት ላይ የታተመ ጣት

የወይዘሮ በለጠችን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ድምፄ ከፍ ይላል። ባለቤቴ «እንግዳ አለ፣ ቀስ በል» ትለኛለች። ቀስ አልልም። ስንት ዓመት ያለፈው ነገር ነው ይሉኛል። ያለፈው ጊዜው ነው እንጂ ነገሩ አላለፈም። እኒያ ሴት ሃያ ዓመት ለፍተው ያቆሙትን ሱቅ አንድ ጸሎት የሚያውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው በአንድ ብልቃጥ ቀለም ሊያስዘጋባቸው ነበር። ለዚያውም እየሳቀ።

ወይዘሮ በለጠች ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባና ይሸጡ ነበር። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ በእኛ አገር ያለ እሱ ክረምቱን የሚወጣ ሰው የለም። ትውልዳቸው ከጉና ሥር ነው። ተድረው ከተማ ገቡ፤ ባላቸው ደምሴ በሳል በሽታ ሞቱባቸው፤ ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱንም ቀበሩ። ከሐዘኑ ሲነሡ ሁለት ባና በዱቤ ተቀብለው ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ተሸክመው መጡ። በእግራቸው ነው የምላችሁ። ሁለቱ አራት ሆነ፣ አራቱ አሥር ሆነ፣ በሃያኛው ዓመት አንዲት ባለ ቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ፊቷ መሸጫ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ። ሱቋ ብትዘጋ የሚገቡበት ሌላ ቤት፣ የሚጠጉት ሌላ ዘመድ አልነበራቸውም።

ባና ሲገዙ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ሸማኔው ባናውን አጣጥፎ፣ መልካሙን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ያቀርብላቸዋል። እሳቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ «ዘርጋልኝ» ይላሉ። ይዘረጋል። ዳርና ዳሩን አስይዘው ወደ ፀሐይ ያስነሡታል፤ ብርሃን ያስገባውን ስስ ቦታ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ ይገለብጡታል፤ ያሸቱታል። ሸማኔዎቹ «የወይዘሮ በለጠች ፍተሻ ከኬላው ፍተሻ ይብሳል» እያሉ ያሽሟጥጧቸው ነበር። እሳቸው ግን የማንንም ሽሙጥ ሰምተው ያልተዘረጋ ባና ገዝተው አያውቁም።

ፊደል አልቆጠሩም። ሒሳባቸውን የሚይዙት በክር ነበር። ከነጭ የበግ ጠጉር ራሳቸው የፈተሉት ወፍራም ክር አለ፤ አንድ ባና ሲገዙ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ፣ አሥር ሲሞላ ቀይ ክር ያስሩበታል። ዓመቱ ሲያልቅ የዓመቱን ክር ጥንዱን ያበጁለታል፤ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ቀይ በቀይ አንድ ዓይነት አድርገው። አንዱን መቀነታቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ሌላውን ሒሳቡ ለሚመለከተው ሰው ይሰጣሉ። ጉና ላይ ባና የሚቀባበል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚተማመን፤ የተካካደ እንደሆነ ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ይጋደማሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

እኔ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው፣ ግብር በሚሰበሰብበት ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ሁሉ በዓመቱ የሸጠውን በቅጽ አስሞልቶ ያቀርባል፤ በቅጹ ላይ ባለው ልክ ግብር ይከፍላል። እኔ በመስኮት ቅጹን እቀበላለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። ቀንሶ ያስታወቀ ነጋዴ በዚያ ዘመን ስሙ ግብር ያጎደለ አልነበረም። አሻጥረኛ ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ሱቁ ይታሸጋል፣ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ የባሰበትም ይታሰራል።

አሁን ወደ ሙሉሐብት ልምጣ። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱን አንቱ ብዬ አልጽፍም፤ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። ሙሉሐብት ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለው ዋንዛ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ቅጽ የሚሞላ ሰው ነበር። እጁ ያምራል፤ ያን መካድ አልችልም። አገሬው ሁሉ ወረቀት ባስፈለገው ቁጥር ወደ እሱ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን የወይዘሮ በለጠች የማርያም ማኅበርተኛ ነበር። በወር በወሩ ከአንድ ጽዋ ጠጥተዋል፣ ከአንድ ዳቦ ቆርሰዋል። እሱ «እታለም» ይላቸዋል፣ እሳቸው «ወንድምዓለም» ይሉታል።

ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ስለ ነገሩኝ በቦታው የነበርሁ ያህል አውቀዋለሁ። በ1971 ሐምሌ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሙሉሐብት ከዋንዛው ሥር ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል። ወይዘሮ በለጠች የዓመቱን ክር ከመቀነታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

«መቶ አርባ ሁለት ባና ነው፣ ወንድምዓለም። ይኸው ቁጠረው።»

«አንች የቆጠርሽውን እኔ ምን እቆጥራለሁ!» አለና ጥንዱን ክር ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ጣቱን እያጠፈ አስቦ ግብሩ ይህን ያህል ነው አላቸው። ከፈሉ። የእጁንም ዋጋ ከፈሉ። ቀጥሎ ቅጹን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ፤ አንድም ፊደል ያልሰፈረበት ባዶ ቅጽ ነው።

«ጣትሽን እዚህ አሳርፊ። ዝናቡ ቀለሙን ስለሚያበላሽብኝ ቤቴ ገብቼ በተረጋጋ እጅ እሞላዋለሁ።»

ወይዘሮ በለጠች ጣታቸውን ቀለም ላይ ከማኖራቸው በፊት ትንሽ ቆም አሉ። ሸማኔ ቢሆን ኖሮ «ዘርጋልኝ» ይሉት ነበር። «ከአፌ ደርሳ ነበር» አሉኝ። «ግን ጻፍና አንብብልኝ ብዬ ብጠይቀው ጽዋውን የጠረጠርሁት መሰለኝ። የእመቤታችንን ጽዋ አብሮኝ የጠጣን ሰው እንዴት አድርጌ ልፈትሸው?»

ይኸ ነው ስሕተታቸው። ሌላ የለባቸውም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳተው ደግሞ ማመን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ሙሉሐብት ያንን አሳምሮ ያውቃል።

ጣታቸውን አሳረፉ። ደረሰኙንም ጠየቁት። «እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ፤ አንች ቤት አይጥ ይበላዋል» አላቸው።

በ1972ም እንዲሁ ሆነ። በ1973 መቶ ሰማንያ ስድስት ባና ስለ ነገዱ ግብሩ ከፍ አለባቸው፤ ያንኑም ሳያጉረመርሙ ከፈሉ። «መንግሥት መንገድ ይሠራበታል አሉ» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ሙሉሐብት ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነጭ ባና ለውለታዬ ይገባኛል አለ። ሱቃቸው ድረስ መጣ። ወይዘሮ በለጠች ከመደርደሪያው ላይ ጥሩውን አውርደው አቀረቡለት።

«ዘርጊልኝ» አላቸው።

ዘረጉለት። ዳርና ዳሩን ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ስስ ቦታ እንዳለው ፈለገ፣ ገለበጠው፣ ሌላ ይቀየርልኝ አለ። ይህን የነገሩኝ ቀን እኔ ተነሥቼ ቆምሁ። መቀመጥ አልቻልሁም። ባዶ ወረቀት ላይ ጣት የሚያስመታ ሰው፣ ለሚሰጠው ባና ፀሐይ ያስመሰክራል!

እሱ ቤቱ ገብቶ በተረጋጋ እጅ የሞላው ምን ነበር? ሃምሳ ባና። በሦስቱም ዓመት ሃምሳ። በሃምሳ ባና ልክ ለመንግሥት ከፈለ፣ የተረፈውን ኪሱ ከተተ፣ ደረሰኙን ደበቀ። ስሙን ደግሞ ወረቀቱ ላይ የትም ቦታ አላሰፈረም። ከወረቀቱ ግርጌ ያለው የወይዘሮ በለጠች ጣት ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 1974 ላይ ጓድ ቢሆነኝ የሚባሉ አዲስ ኃላፊ ወደ አውራጃችን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ግን ነበሩ፣ ድምፃቸውም ትልቅ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው የገሳይን ኬላ መዝገብ አስመጥተው ነጋዴው ካስታወቀው ጋር ማመሳከር ሆነ። ኬላው በ1973 ወይዘሮ በለጠች መቶ ሰማንያ ስድስት ባና እንዳሳለፉ ጽፏል። ቅጹ ሃምሳ ይላል። በማግሥቱ ጠዋት ሱቃቸው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ቀይ ሰም ተደፋበት። የለበሱት ልብስና መቀነታቸው ሲቀር ሁሉ ነገራቸው ውስጥ ቀረ። ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ጠላ ከምትሸጥበት ክፍል ጥግ ላይ አጎዛ አነጠፈችላቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ አገሩን ባና ሲያለብሱ የኖሩ ሴት፣ በታኅሣሥ ብርድ የተውሶ ነጠላ ለብሰው አሥራ ሦስት ቀን አደሩ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጉዳያቸው ጓድ ቢሆነኝ ሊቀመንበር በሆኑበት ኮሚቴ፣ በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት እንዲታይ ተደረገ። እኔ ከጥጉ ጠረጴዛ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።

«ይህ ጣት የማን ነው?» አሉ ጓድ ቢሆነኝ ወረቀቱን ከፍ አድርገው።

«የእኔ ነው» አሉ ወይዘሮ በለጠች።

«በ1973 ሃምሳ ባና ሸጥሁ ብለሻል።»

አንቺ አሏቸው። እናታቸው የሚሆኑትን ሴት።

«እኔ ሃምሳ አላልሁም። መቶ ሰማንያ ስድስት ነው ያልሁ። ላመነው ሰው ነገርሁ፣ ጣቴን አኑሪ አለኝ፣ አኖርሁ።»

«ሳታነቢ?»

«ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ።»

ጓድ ቢሆነኝ ከፊታቸው ካለው ወረቀት መካከል አንዱን መዘው አወጡ። «የቀበሌው ዝርዝር እዚህ አለ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ወስደሻል። ማንበብ ትችያለሽ!»

«ፊደሉ የተጻፈው ሰሌዳው ላይ ነበር። የእኔ ዓይን ሰሌዳው ድረስ አይደርስም። ወረቀቱን የሰጡኝ ቁጥር እንዲሞላላቸው ነው፤ ለሁላችንም ነው የሰጡን።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ቢሆነኝ ጠረጴዛውን መቱ። እኔ አልሳቅሁም ብል እዋሻለሁ።

ሙሉሐብት ተጠራ። ንጹሕ ነጠላ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ወይዘሮ በለጠችን እንዳላየ ሁሉ በአጠገባቸው አልፎ ቆመ። ትናንት እታለም የነበሩት ዛሬ ስም አጡ።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ። ተከሳሿ የነገሩኝን ጻፍሁ፤ ሃምሳ አሉኝ፣ ሃምሳ አልሁ። ወረቀቱ ላይ ስሜ ካለ አሳዩኝ» አለ።

ስሙ አልነበረም። ለዚህ ቀን ነበርና ሳያሰፍረው የቀረው።

ማኅበርተኞቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ በለጠች ለሙሉሐብት ገንዘብ መስጠታቸውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ቢያንስ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተነሡም። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። ማኅበር እንጠጣለን ብሎ በዚያ አዳራሽ መናገር የሚያስፈራ ዘመን ነበር፣ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ በለጠች መቀነታቸውን ፈትተው ሦስት የክር ጥቅል አወጡ። አንዱን ወደ ጓድ ቢሆነኝ ጠረጴዛ ወስደው አኖሩት።

«የ1973 ነው። ይቁጠሩት።»

ከኮሚቴው አንዱ ሰው እያፌዘ መቁጠር ጀመረ። መቶ ሲደርስ ፌዙን ተወው። «መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ በመጨረሻ። ከኬላው መዝገብ ጋር አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

እኔ ዳኑ ብዬ ተነፈስሁ። ጓድ ቢሆነኝ ግን ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲህ ታውቂ ነበር!»

«አውቃለሁ እንጅ! የራሴ ንግድ አይደል?»

«መቶ ሰማንያ ስድስት መሆኑን እያወቅሽ ሃምሳ ብለሽ አስታወቅሽ። ጓዶች፣ ተከሳሿ ራሷ አምናለች። ይመዝገብ!»

ይመዝገብ የተባልሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ በለጠች እውነቱን ይዘው ቢመጡ ጓድ ቢሆነኝ ገመድ አድርገው አንገታቸው ላይ ሊጠመጥሙት ነው። ብዕሬን አነሣሁ።

«ጥንዱ እሱ ዘንድ አለ» አሉ ወይዘሮ በለጠች በጣታቸው ሙሉሐብትን እያሳዩ። «በየዓመቱ ገንዘቡን ስሰጠው ጥንዱን ክር ሰጥቼዋለሁ። እሱ ዘንድ ከተገኘ ስንት እንዳልሁት ያውቃል ማለት ነው። ያምጣው።»

ሙሉሐብት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሳቀ። «ክር? ክር የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። በክር ግብር የሚያስታውቅ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሕዝቡም ሳቀ። የእኔ ብዕር ግን ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ክሩን አውቀው ነበር! ሙሉሐብት በየሐምሌው የደንበኞቹን ቅጾች ሰብስቦ፣ በአንድ አስሮ፣ በመስኮቴ የሚያስረክበኝ እሱ ራሱ ነው። የሚያስርበት ነገር ነጭ የበግ ጠጉር ክር ነበር፤ ቋጠሮ የበዛበት፣ አልፎ አልፎ ቀይ ነገር ያለበት። ስፈታው ጥፍሬን ስላስቸገረኝ «ይኸ ሰውዬ ሲባጎ አጣ እንዴ?» ብዬ ተሳድቤ አውቃለሁ። ነውረኛው ሰው የወይዘሮ በለጠችን ቃል ሳጥኑ ውስጥ እንኳ ሊያቆየው ሳይሻ ለጥራዝ ማሰሪያ አድርጎት ነበር። ሦስቱም ጥራዝ ከነማሰሪያው በእኔ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ወዲያው ተነሣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልተነሣሁም። ይህ ሁሉ ወረቀት በእጄ አልፎ ምን ታደርግ ነበር ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ጓድ ቢሆነኝ ውሳኔውን ለማንበብ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ድረስ ዝም አልሁ። ወይዘሮ በለጠች ክራቸውን ከጠረጴዛው ላይ መልሰው መጠቅለል ሲጀምሩ ነው እግሬ የታዘዘልኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከመዝገብ ቤት የማመጣው ነገር አለ» አልሁ።

ሮጬ ሄጄ ሦስቱን ጥራዝ ተሸክሜ መጣሁ። ከቅጾቹ ላይ ባለው የማስረከቢያ ወረቀት ላይ «አስረካቢ ሙሉሐብት» ተብሎ በዚያ በሚያምር እጁ ተፈርሟል፤ ለእኔ ሲያስረክብ የፈረመው ነው። ማሰሪያውን ፈታሁና ከወይዘሮ በለጠች ክር ጎን አጋደምሁት። ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ቀይ በቀይ። የ1971ም እንዲሁ፣ የ1972ም እንዲሁ።

ሙሉሐብት «መንገድ ላይ ያገኘሁት ክር ይሆናል» አለ። ሦስት ዓመት፣ በሦስት ሐምሌ፣ መንገድ ላይ!

«ቅጾቹንም ይዘርጓቸው» አሉ ወይዘሮ በለጠች።

ጓድ ቢሆነኝ ዘረጓቸው። በ1973 ጥራዝ ውስጥ ሠላሳ አንድ ቅጽ ነበር፤ የቆዳ ነጋዴ፣ የጠላ ሻጭ፣ የጨው ቸርቻሪ፤ የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍና የሠላሳ አንድ ሰው ጣት። ቆዳውም ሃምሳ፣ ጨውም ሃምሳ። አራት አምስቱን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ወይዘሮ በለጠች ዞሩና ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ ለዚህ ሰው ስንት ሰጡት?» አሉ።

አንቱ ለማለት ክሩ አስፈለጋቸው።

በዚህ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የሱቁ እሽግ ተነሣ፣ ፈቃዳቸውም ተመለሰላቸው፣ አሻጥረኛ የሚለው ስምም ተፋቀላቸው። የጎደለው ግብር ግን ይከፈል ተባለ። ማን ይክፈል? ወይዘሮ በለጠች! ገንዘቡ መንግሥት ዘንድ አልደረሰም፣ ቅጹ ላይ ያለው ጣት የእሳቸው ነው፣ ጸሐፊውን ከፈለጉ በግላቸው ይክሰሱት አሏቸው። መደርደሪያ ላይ የነበረውን ባና በርካሽ ሸጠው አንዱን ግብር ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ሙሉሐብት ሦስት ወር ታሠረና ወጣ። ከእስር ቤት እንደ ወጣ ጠረጴዛውን በአህያ አስጭኖ አንበሳሜ ሄደ፤ እዚያም ገበያ ዳር ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። እጁ ያምራል አይደል? ደንበኛ አላጣም።

ማኅበሩ ደግሞ ሽማግሌ ላከ። በአዳራሹ አንድ ቃል ያልወጣቸው ሰዎች፣ ይቅር ለማስባል ግን አንደበታቸው ተፈታ። «ይቅር በይው እንጅ፣ የጽዋ ወንድምሽ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ በለጠች ጠላ ቀድተው አስተናገዷቸው። «ይምጣና ራሱ ይጠይቀኝ። ሲመጣ የእኔንም የሠላሳውንም ገንዘብ ይዞ ይምጣ» አሏቸው። አልመጣም።

ሐምሌ 1974 ገባ። ዝናብ ነው፤ የቢሮው ወለል በጭቃ ተረግጧል። ወይዘሮ በለጠች መጥተው ከሰልፉ ኋላ ቆሙ። ሳያቸው ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኮራሁም። ያዳንኋቸው እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ከሰልፉ አውጥቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸውና ወንበር ሰጠኋቸው።

«እትየ፣ ዘንድሮ እኔ እሞላልዎታለሁ። ያለ ዋጋ» አልኋቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ማሩ ልጀ» አሉና ክራቸውን አወጡ። «መቶ አሥራ አንድ። ዘንድሮ ባናዬ አንሷል፤ ታውቃለህ።»

ሞላሁ። ቀለሙን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። ጣታቸውን አላነሡም።

«አንብበው።»

ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ከእናንተ ውስጥ ማንበብ የሚችል፣ እኔንም ይኸን ልጅም የማያውቅ ሰው አለ?» አሉ ጮክ ብለው። አንድ ከሌላ አገር የተመደበ የጤና ጣቢያ ድሬሰር እጁን አነሣ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለእሱ ሰጡት።

ፊቴ ቀላ። «እትየ፣ እኔንም?» አልሁ።

«አዎ፣ አንተንም» አሉኝ።

ድሬሰሩ አነበበ። እኔ ካነበብሁት ጋር አንድ ሆነ። ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፣ ጣታቸውን አተሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አንተም ስምህን ጻፍና ጣትህን አኑር። የጻፈው ሰው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ።»

ቅጹ ላይ ለጸሐፊ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ከጣታቸው ጎን ስሜን ጻፍሁ፣ ጣቴን ቀለም ነክቼ አሳረፍሁ። አበቃ ብዬ ቀና ስል ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ማሩ።»

«አቤት፣ እትየ።»

«ሦስቱን ዓመት ወረቀቴን በዚች መስኮት የተቀበልህ አንተ ነህ። ዓይንህ ደህና ነው፤ ማንበብ ትችላለህ። ከገበያ ስትመለስ ሱቄ ደጃፍ ቆመህ፣ ባናው እስከ ጣሪያ ተቆልሎ አይተህ፣ ዋጋ ጠይቀኸኛል። ሃምሳ እንዳይደለ ታውቃለህ። ለምን አንድ ቀን ‹እትየ፣ እዚህ ላይ ሃምሳ ይላል› አላልኸኝም?»

መመሪያው አንብብ አይልም ልላቸው አሰብሁ። ማኅተም ምታ ነው የሚል ልላቸው አሰብሁ። ሁለቱም ከአፌ አልወጡም፤ የሙሉሐብትን «ወረቀቱ ላይ ስሜ ካለ አሳዩኝ» ይመስሉ ነበር። በሙሉሐብት ስናደድ ድምፄን ከፍ የማደርገው ይህች ጥያቄ እንዳትሰማኝ ይሆናል።

መልስ እስክሰጥ አልጠበቁኝም። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። «በል፣ ሰዎቹ በብርድ ቆመዋል» አሉኝ።

ተራው የአንድ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ጓንጉል የሚባሉ፣ ከጉና ግርጌ የመጡ ሽማግሌ። ሙሉሐብት በለቀቀው ዋንዛ ሥር የተተካ ሌላ ጸሐፊ የሞላላቸውን ቅጽ በአራት አጥፈው ከጉያቸው አወጡ። ጣታቸው ከግርጌው ታትሟል። በልማዴ ማኅተሙን አነሣሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁት፣ ወረቀቱን ዘረጋሁና በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቅጽ ባለቤቱ እየሰማ ጮክ ብዬ አነበብሁ።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ኧረ ልጀ፣ እኔ እንዲህ አላልሁም» አሉ።

ቀና አልሁ። ሰልፉ በሩን አልፎ ዝናቡ ውስጥ ወጥቷል፤ ሁሉም የታጠፈ ወረቀት ይዟል።